ያልተሰጠ ድምፅ የማን ነው?

ሰው ከማይወደው ነገር ሲርቅ «እኔ እጄ የለበትም» ይላል። ብዙውን ጊዜም እውነቱን ነው። ከአራጣ የራቀ ከአራጣ ይድናል፤ ሐሜት ከሚወራበት መቀመጫ የተነሳ ከሐሜት ይተርፋል። ይሁንና በመራቅ ብቻ የማይጠሩ ጉዳዮችም አሉ። የጋራ የሆነ ነገር ሲከፋፈል የራቀው ሰው ድርሻ የት ይደርሳል? አገር በጦርነት እየነደደ፣ የባዕድ ሠራዊት በየመንገዱ ቆሞ፣ ሕዝብ «ኑና ሹማችሁን ምረጡ» ቢባል ትክክለኛው መሄድ ነው ወይስ መቅረት? የቀረውስ ሰው በእርግጥ ከኃላፊነት ነፃ ይሆናልን? በእርሱ መቅረት ወንበር ያገኘውስ ሰው ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄውን እንዲሁ በባዶ ሜዳ ከማንሳት በዘመናችን በደረሰ ነገር ላይ ብናየው ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጋቢት 2003 በአሜሪካ የሚመራው ጦር ኢራቅን ወረረ። መንግሥት ፈረሰ፤ የነበረው ሠራዊት ተበተነ፤ አገሪቱም በጥቂት ወራት ውስጥ የፍንዳታና የጥይት አገር ሆነች። በኅዳር 2004 ፈሉጃ በተባለችው ከተማ ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ፤ የከተማዋ ነዋሪ አብዛኛው ተሰደደ። ይህ በሆነ ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ጥር 30 ቀን 2005 ምርጫ ተካሄደ። በዚያን ዕለት መኪና እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ፤ ድንበሮች ተዘጉ። ሕዝቡ ወደ ምርጫ ጣቢያ በእግሩ ሄደ፤ ድምፁን የሰጠ ሰው ሁለተኛ እንዳይመርጥም ጣቱ ሐምራዊ ቀለም ተነከረ። «የመረጠ ይገደላል» የሚል ዛቻ አስቀድሞ ተነዝቶ ነበርና ያ ቀለም ለአንዳንዱ የክብር ምልክት ሲሆን ለሌላው የሞት ማኅተም ነበር። በዕለቱ በደረሱት ጥቃቶችም በርካታ ሰዎች ሞቱ።

ዓለም በብዛት የሚያስታውሰው የዚያን ዕለት አገራዊ ምርጫ ነው፤ 275 አባላት ያሉት ብሔራዊ ምክር ቤት የተመረጠበትን ማለት ነው። ነገር ግን መራጩ በእጁ የያዘው አንድ ወረቀት ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው ወረቀት የክፍለ ሀገር ምክር ቤት መምረጫ ነበር። ኢራቅ በዚያን ጊዜ 18 ክፍለ ሀገራት ነበሯት። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር 41፣ ባግዳድ ደግሞ 51 አባላት ያሉት ምክር ቤት እንዲኖረው ተወስኖ ነበር። ይህ ምክር ቤት የክፍለ ሀገሩን ገዥ ይመርጣል፤ በአካባቢው አስተዳደርም ላይ ድምፅ አለው። ስለ ትልቁ ምክር ቤት ብዙ ተጽፏል። እኛ ትንሹን እንመልከት፤ ምክንያቱም የሰው ልጅ ከመንግሥት ጋር በየዕለቱ የሚገናኘው በቧንቧው፣ በመብራቱ፣ በልጁ ትምህርት ቤትና በሰፈሩ ፖሊስ በኩል ነው።

ምርጫው ከመድረሱ በፊት ዑለማዎች በሁለት ተከፈሉ። በነጀፍ የሚኖሩት የሺዓዎቹ ታላቅ መሪ አያቱላህ ዓሊ ሲስታኒ ወንዱም ሴቱም ወጥቶ መምረጥ ግዴታው እንደሆነ አስታወቁ። የሱኒዎቹ የሙስሊም ዑለማዎች ማኅበር በበኩሉ በወራሪ ጦር ጥላ ሥር የሚደረግ ምርጫ ሕጋዊነት የለውም፣ ስለዚህ መቅረት ይገባል አለ። ሁለቱንም ወገኖች በችኮላ ማውገዝ ፍትሕ አይደለም። እያንዳንዳቸው የያዙት የክርክር መሠረት ነበራቸውና።

የመጀመሪያዎቹ መሠረት አማና ነው። በሱረቱ ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዟል። ሹመት አማና ነው። ማን ይሹም ተብለህ ስትጠየቅ የምትሰጠው ቃል ደግሞ ምስክርነት ነው። የሚያውቀውን ምስክርነት የሚደብቅ ሰው ደግሞ ልቡ ኃጢአተኛ መሆኑን በሱረቱል በቀራህ ተምረናል። እንግዲህ ይህን የያዘ ሰው «ጊዜው ክፉ ነው ብለህ ምስክርነትህን ልትውጥ አትችልም» ቢል አያስገርምም።

የሁለተኛዎቹ መሠረት ደግሞ ነፃ ፈቃድ ነው። በፊቅህ የተገደደ ሰው የፈጸመው ሽያጭ አይጸናም። ጎራዴ አንገቱ ላይ ተደርጎ «ሸጥኩ» ያለ ሰው አልሸጠም። ታዲያ በታንክ አጀብ የሚሰጥ ድምፅ እንዴት ፈቃድ ሊባል ይችላል? በዚያ ላይ ሌላ ከባድ ነጥብ አለ። በ2005 ሰው ይመርጥ የነበረው የተዘጋ የፓርቲ ዝርዝር እንጂ ግለሰብ አልነበረም፤ ብዙ ዕጩዎችም እንገደላለን ብለው ስማቸውን ደብቀው ቆይተዋል። ስሙን ለማታውቀው ሰው እንዴት ትመሰክራለህ? ምስክርነት በእውቀት ላይ የሚቆም ነገር ነው። ይህ ክርክር ቀላል ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ለማንኛውም የሆነው ሆነ። በመላ አገሪቱ ከመራጩ ሕዝብ 58 በመቶ ያህሉ ድምፅ ሲሰጥ፣ ፈሉጃ በምትገኝበት በአንባር ክፍለ ሀገር የመረጠው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ሞሱል በምትገኝበት በነይነዋ ደግሞ 17 በመቶ ገደማ ነበር። የቀረው ሁሉ አምኖበት ቀረ ማለት አይደለም። በነይነዋ ሜዳ በሚኖሩ የክርስቲያኖች፣ የየዚዲዎችና የሸበኮች መንደሮች የምርጫ ሣጥን ባለመድረሱ መምረጥ እየፈለጉ ሳይመርጡ የቀሩ ብዙ ነበሩ።

ወንበሮቹስ? እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሕዝቡ ቀረ ተብሎ ወንበር ባዶ አልቀረም። በአንባር ከ41ዱ ወንበሮች 34ቱን አንድ ፓርቲ፣ የኢራቅ ኢስላማዊ ፓርቲ፣ ያዘ። ፓርቲው ከምርጫው ራሱን ማግለሉን ከቀኑ አስቀድሞ ያስታወቀ ቢሆንም ስሙ ከወረቀቱ ላይ አልወጣም ነበር። ዐረቦች ብዙኃን በሆኑበት በነይነዋ ደግሞ ከ41ዱ 31ዱን የኩርዶች ዝርዝር ወሰደ። ይህ ምክር ቤት እስከ 2009 ድረስ ቆየ። አራት ዓመት ሙሉ የሞሱል ሰው ስለ ከተማው አስተዳደር የሚጮኸው እርሱ ወዳልመረጠው፣ ቋንቋውም ችግሩም ወደተለየ ምክር ቤት ነበር።

አሁን ወደ ሽያጩ ምሳሌ እንመለስ። አንድ ሰው በሬውን በግድ ሽጥ ሲባል «አልሸጥም» ብሎ ቢጸና፣ በሬው በበረቱ ይቆይለታል። እምቢታው ሀብቱን ጠበቀለት። በምርጫ ጊዜ ግን ነገሩ ይለያል። «አልገባበትም» ያለው ሰው ድርሻ በበረቱ አይቆይም፤ እርሱ በሌለበት ተነድቶ ይሄዳል። ስለዚህ የግዳጁ ሽያጭ ክርክር በራሱ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ የተጫነበት ነገር ሌላ ነው። የጋራ ጉዳይ የሚመስለው በሬን ሳይሆን ጎርፍን ነው። ጎርፍ «እኔ አልፈቀድኩም» ለሚል ሰው አይቆምም፤ ቦዩን ማን እንደሚቀድ ግን መነጋገር ይቻላል።

ይህን የቀሩት ወገኖች ራሳቸው ፈጥነው ተረዱት። በዚያው በ2005 ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ በብሔራዊው ምክር ቤት የነበሯቸው የሱኒ ዐረብ ተወካዮች ጥቂት ስለነበሩ፣ 15 ሰዎች ከውጭ ተጠርተው በአርቃቂው ኮሚቴ እንዲጨመሩ ተደረገ። የቤቱ ባለቤት ሆኖ መግባት ይችል የነበረ ሰው እንግዳ ሆኖ ገባ። ጥቅምት 15 ቀን 2005 ሕገ መንግሥቱ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ ግን የአንባር ሰው በገፍ ወጣ፤ ድምፅ ከሰጡት 97 በመቶ ያህሉም «እምቢ» አሉ። በሰላሐዲንም ከ80 በመቶ በላይ እምቢ አለ። ሕጉ የሚወድቀው በሦስት ክፍለ ሀገራት ሁለት ሦስተኛው ድምፅ ሲቃወመው ነበር። በነይነዋ እምቢ ያለው 55 በመቶ ያህል ሆነና ሳይሞላ ቀረ፤ ሕጉም ጸደቀ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ድምፅ መስጠት መስማማት ማለት አይደለም። «የለም» የሚለውም ቃል በዚያው ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ «የለም» ለማለትም ጊዜ አለው። በጥር ያልተባለ ቃል በጥቅምት ሲባል ብዙ ይከብዳል።

«ሆኖም የመረጠ ሰው ወራሪውን ሕጋዊ አላደረገምን?» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ማሰብ ይበቃል። በግፍ ባሰራቸው አገር፣ እምነታቸውን በማይከተል ንጉሥ ሥር፣ የእህል ጎተራው ኃላፊነት እንዲሰጣቸው ራሳቸው ጠየቁ። ሰባቱ የድርቅ ዓመታት ንጉሡ እስኪስተካከል ድረስ የሚጠብቁ አልነበሩምና። ጎተራውን መጠበቅ የንጉሡን ሥራ ሁሉ ማጽደቅ አይደለም። እንዲሁም ስለ ውኃና ስለ ትምህርት ቤት የሚታመን ሰው መምረጥ ታንኩ በሰፈር መቆሙን ማጽደቅ አይሆንም። እርግጥ ነው፣ ወሰን አለው። ሹመቱ ራሱ ግፍ የሚያሠራ ከሆነ፣ የሚመረጠው ሰው የሚታዘዘው ንጹሕን እንዲገድል ከሆነ፣ ያኔ መራቅ ግዴታ ይሆናል። ልዩነቱ በጎተራና በሰይፍ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

እንግዲህ የቀሩትን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም። ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው የፈራ ነው። ቤቱ ልጆች አሉት፤ በሩ ላይ የዛቻ ወረቀት ተለጥፏል፤ ጣቱን ቀለም ነክሮ ቢመለስ እንደሚገደል ያውቃል። አላህ (ሱ.ወ.) ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድዳትም። ይህ ሰው አይወቀስም፤ ወቀሳውም ኃጢአቱም በአስፈራሪው ላይ ነው። ሁለተኛው ዐቋም ይዞ የቀረ ነው። ይህ ሰው ይከበራል፤ ነገር ግን «ከቀረሁ በኋላ ሰፈሬን በምን መንገድ እጠብቃለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል። መልስ የሌለው መቅረት ዐቋም መሆኑ ቀርቶ መተው ይሆናል። ሦስተኛው ግድ የሌለው ነው። ለዚህኛው ጦርነቱም ሰበብ ነው፤ ሰላምም ቢሆን ኖሮ አይመጣም ነበር።

እነዚህን ሦስቱን ከዘረዘርን ዘንድ አራተኛውን አንርሳ፤ እርሱ ከቀሩት ወገን አይደለም። ሌላው እንዳይመርጥ የገደለውና ያስፈራራው ነው። «ምርጫው ሐራም ነው» ብሎ ማመን አንድ ነገር ነው። በእግሩ ወደ ጣቢያ የሚሄድን ሽማግሌ በፈንጂ መግደል ግን ምንም ዓይነት ፈትዋ የማያጠራው የንጹሕ ደም ማፍሰስ ነው።

አሁን ብዙ ወደማይነሳው ጥያቄ እንምጣ። የቀሩት ሰዎች ድርሻ የማን ነው? ያሸነፉት «እነርሱ አልመጡም፤ ስለዚህ የእኛ ነው» ይላሉ። በምርጫ ሕግ ትክክል ናቸው። በአላህ ዘንድስ? የፊቅህ መጻሕፍት የጠፋ ወይም በሩቅ ያለ ሰው ሀብት ምን ይደረግ የሚለውን በሰፊው ተናግረዋል። ቃዲው ጠባቂ ይሾምለታል። ጠባቂው ከብቱን ያግዳል፣ ቤቱን ያድሳል፣ የሚበላሸውን ይሸጣል፤ ነገር ግን «ባለቤቱ የለም» ብሎ የራሱ አያደርገውም። ሰውዬው በመጣ ቀን ይቆጥርለታል። እኔ እንደሚመስለኝ ጎረቤቱ ከሞት ሸሽቶ በመቅረቱ የምክር ቤት ወንበር ያገኘ ሰው እንደዚህ ያለ ጠባቂ ነው። በ2 በመቶ የተመረጠ ምክር ቤት ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ የ98ቱ አማና ግን በጫንቃው ላይ ነው። ሕጉ ወንበሩን ሰጠው፤ ወንበሩ ደግሞ ዕዳውን አመጣ።

በአንባር ይህ ዕዳ በአደባባይ ተጠየቀ። ከ2006 መስከረም ጀምሮ በረማዲ ከአልቃዒዳ ጋር ለመዋጋት የተነሱት ጎሳዎች፣ በኋላ «የእኛ ልጆች እየሞቱ ሳለ በ2 በመቶ የተመረጠ ምክር ቤት እንዴት ያስተዳድረናል?» የሚል ቅሬታ አነሱ። ለረጅም ጊዜ የሁለቱ ወገኖች ክርክር አልበረደም ነበር።

ጥር 31 ቀን 2009 የክፍለ ሀገር ምርጫ እንደገና ተካሄደ። በ14 ክፍለ ሀገራት ለ440 ወንበሮች ከ14,000 በላይ ዕጩዎች ቀረቡ። በዚህ ጊዜ መራጩ ከዝርዝር ውስጥ ሰው በስሙ መምረጥ ይችል ነበር። የተሳተፈውም 51 በመቶ ያህል ሆነ፤ በአንባር 40፣ በነይነዋ 60 በመቶ ገደማ። በነይነዋ አል-ሐድባእ የተባለው የዐረቦች ዝርዝር ከ37ቱ ወንበሮች 19ኙን አሸነፈ። የኩርዶቹ የወንድማማችነት ዝርዝር 12 አገኘ።

ተበድሎ የኖረ ሰው ፍትሕን አይረሳም ተብሎ ይጠበቃል። ነገር ግን አል-ሐድባእ በአንድ ወንበር ብልጫ ዋና ዋናዎቹን ሹመቶች ሁሉ ለራሱ ወሰደ። የኩርዶቹም ዝርዝር በተራው ከምክር ቤቱ ራሱን አገለለ። ትናንት የቀረው ዛሬ ያስቀረ ሆነ፤ ትናንት የወሰደው ዛሬ ቀሪ ሆነ። ከዚህ በላይ የሚያስተምር ነገር ያለ አይመስለኝም። መቅረት ሌላውን ከግፍ አላዳነም፤ ማሸነፍም አሸናፊውን ፍትሐዊ አላደረገም።

በሰኔ 2014 ሞሱል በአይሲስ እጅ ወደቀች። ይህን በምክር ቤት ጥል ብቻ ማሳበብ ፍርድ ማጉደል ነው፤ የባግዳድ ፖለቲካ፣ የሠራዊቱ ብልሹነትና የሶሪያ ጦርነት ሁሉ ምክንያት ነበሩ። ሆኖም ሹማምንቷ በአንድ ክፍል ተቀምጠው መምከር ያቃታቸው ክፍለ ሀገር ክፉ ቀን ሲመጣባት በአንድ ልብ መቆም እንደሚቸግራት ማንም ይረዳል። ከተማዋ ነፃ የወጣችው በሐምሌ 2017 ነው፤ ያውም ግማሽ አካሏ ፍርስራሽ ሆኖ።

ነይነዋ የነቢዩ ዩኑስ (ዐ.ሰ.) ከተማ ናት። ታሪካቸውን ልጆቻችን ሁሉ ያውቁታል። በሕዝባቸው አዝነውና ተቆጥተው ሄዱ፤ በዓሣው ሆድ ጨለማ ውስጥ ጌታቸውን ተማጸኑ፤ ከዚያም ወደ መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ወደሆነ ሕዝብ ተላኩ። ሕዝቡም አመነ። ከእኛ ጋር ሲነጻጸር የነቢያት ደረጃ ሌላ ነው፤ ነገር ግን ከታሪኩ ትምህርት መውሰድ ተፈቅዶልናል። ሕዝብህ ቢያስቆጣህም ጉዳዩ በመሄድህ አያበቃም። መመለስ አለ።

ይህ ነገር ከእኛ ቤት የራቀ መስሎ አይታየን። መስጂድ ኮሚቴ ሲመረጥ፣ ዕድር ስብሰባ ሲጠራ፣ ትምህርት ቤት የወላጆች ኮሚቴ ሲያቋቁም «ምን አገባኝ፣ የታወቁ ሰዎች ናቸው የሚያደርጉት» ብለን እንቀራለን። ውሳኔው ሲመጣ ግን በየቤታችን እናጉረመርማለን። ማንም በጥይት አላስፈራራንም። ዝናብ ዘንቦ ይሆናል፤ ወይም ሻዩ ጥሞን ይሆናል። ከሞት ጋር ተጋፍጦ በእግሩ የሄደውን የባግዳድ ሽማግሌና በራፉ ላይ ዛቻ ተለጥፎበት የቀረውን የሞሱል አባት ካሰብን፣ የእኛ ምክንያት ምን ያህል ይመዝናል? በተቃራኒውም በእንደዚህ ያለ ባዶ ስብሰባ ላይ ተመርጠን ከሆነ፣ የቀሩት ሰዎች ጠባቂ እንጂ ባለቤት አለመሆናችንን አንዘንጋ። ያልመጣውን ጎረቤት በሩን አንኳኩተን «ያንተን ድርሻ ይዤልሃለሁ፤ ምን ላድርግበት?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ልጆቻችንም ይህን ከእኛ ሊያዩ ይገባል። በቤት ውስጥ ስለ ጋራ ጉዳይ ስንነጋገር አባት ብቻ ወስኖ ቢነሳ፣ የተኛው ልጅ ድርሻ ለነቃው ተሰጥቶ ቢቀር፣ ትልቁ ትምህርት ከመድረሳ ሳይሆን ከማዕድ ዙሪያ ይበላሻል። ለዘገየ ልጅ እናቱ ክዳን ደፍታ የምታስቀምጥለት ምሳ ከዚህ ሁሉ ክርክር በላይ ያስተምራል። የቀረ ሰው ድርሻ አለው፤ የያዘውም ሰው አደራ አለበት።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናን ከሚያደርሱት ያድርገን፤ በጦርነት ውስጥ ላሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሰላሙን ያውርድላቸው። አሚን። ወላሁ አዕለም።